ለዕቃ ክትትል፦ የብሉቱዝ ቢከን ወይስ ባትሪ የሌለው የአርኤፍአይዲ መለያ?

በመጋዘን ወይም በሆስፒታል ውስጥ የሚዘዋወርን ዕቃ ለመከታተል በብዛት የሚታሰቡት በባትሪ የሚሠራው የብሉቱዝ ቢከን (የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) እና ባትሪ የሌለው የአርኤፍአይዲ መለያ ናቸው።

የአርኤፍአይዲ መለያ እንደ ተለጣፊ ወረቀት ስስ ነው፤ የራሱ ኃይል ስለሌለው አንባቢው መሣሪያ በሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ነቅቶ ቁጥሩን ይመልሳል። ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ በሺዎች በሚቆጠሩ ካርቶኖች ላይ ቢለጠፍ አያስቆጭም። ይሁን እንጂ ዕቃው የሚታወቀው በአንባቢው አጠገብ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ቢከኑ ግን ጠያቂ ሳይጠብቅ ማንነቱን ደጋግሞ ያስታውቃል፤ ተራ ስልክም ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው ብሉቱዝ 4.0 ጋር የመጣው የማስታወቂያ መልእክት (ቢከኑ ራሱን የሚያስታውቅበት አጭር መልእክት) 31 ባይት ያህል መረጃ ብቻ ቢይዝም፣ ለሙቀት ልኬት ሁለት ባይት ይበቃል፤ ስለዚህ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠበቅ በሚገባው የክትባት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሙቀት መለኪያ ያለው ቢከን፣ ከመለያ ቁጥሩ ጋር የሣጥኑን ሙቀት አብሮ ይልካል። በእኔ ግምት ቢከኑን የሚያስመርጠው ይህ እንጂ ቦታ ጠቋሚነቱ አይደለም። ርቀት የሚገመተው ከሞገዱ ጥንካሬ በመሆኑ፣ አንድ ሰው መሐል ቢቆም (ሰውነታችን በአብዛኛው ውኃ መሆኑን፣ ውኃም ሞገዱን እንደሚውጥ ልብ ይሏል) ግምቱ በሜትሮች ሊዛባ ይችላል።

ሳንቲም መሰሉ ባትሪ እንደ ማስታወቂያው ድግግሞሽ ከወራት እስከ ዓመታት ቢቆይም ቅዝቃዜ ያደክመዋል፤ አምስት መቶ ቢከን ያለው ድርጅትም ባትሪ የሚቀይር ሰው መመደቡ አይቀርም።