ጋሼን አመስግኑልኝ

በዊልቸር የምንቀሳቀስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው በግቢያችን የሕንፃ ጥገና ክፍል የሚሠሩ አንድ ሰው በአደባባይ ሊመሰገኑ ስለሚገባ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ፣ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። የግቢያችን ልጆች ማንን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

ግቢያችን ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ የለውም ማለት አይቻልም። አለው። አዳራሹም ቤተ መጻሕፍቱም በር ላይ ራምፕ ተሠርቷል። መከራው ያለው ራምፑ ጋ እስኪደረስና ራምፑ ካለቀ በኋላ ነው። የአዳራሹ ራምፕ አናቱ ላይ፣ በሩ ሥር፣ ሁለት ጣት የምታህል ደፍ ነበረች። በእግሩ የሚሄድ ሰው ልብ አይላትም። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ግን ትንንሽ ስለሆኑ እዚያ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ፤ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ወደ ፊት ይወረወራል። ከዶርም ወደ ክፍል በሚወስደው መንገድ ላይ የፍሳሽ ፍርግርግ አለ። ክፍተቶቹ በመንገዱ አቅጣጫ ስለተዘረጉ ጎማዬ እዚያ ውስጥ ይቀረቀር ነበር። ያን ሁሉ አልፌ ስደርስ ሌክቸሩ ተጋምሷል። አርፍዶ በአስተማሪው ፊት እያቋረጡ መግባት ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነው።

ይህን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ተናገርኩ። እነሱ ጋሼን ላኩልኝ። ከዚያ በፊትም ቅሬታዬን ሰምተው "እናያለን" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ጋሼ ግን የክፍል ፕሮግራሜን ጠየቁኝና "በይ፣ ከዶርምሽ እንጀምርና አብረን እንሂድ" አሉኝ። "ልግፋሽ?" ብለውም ጠየቁ። አይ ስላቸው ከጎኔ መራመድ ጀመሩ። ይህ ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሳይጠይቁ ዊልቸሩን ከኋላ የሚገፉበት ሰው ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ሜትርና ውሃ ልክ ይዘው ነበር። እኔ በቆምኩበት ቦታ ሁሉ ቁጢጥ ብለው በእኔ ቁመት ያያሉ። ይለካሉ፤ ይጽፋሉ። ራምፕ እንዴት እንደሚለካ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለ1 ሴንቲሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። የብዙ አገር የግንባታ መመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። 60 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ በር 7 ሜትር ከ20 የሚረዝም ራምፕ ይፈልጋል ማለት ነው። አናቱ ላይ ደግሞ ዊልቸሩ አረፍ ብሎ በሩ የሚከፈትበት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ደልዳላ ቦታ መኖር አለበት። የቤተ መጻሕፍታችን ራምፕ ከሚገባው ርዝመት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ያን ዳገት ብቻዬን መውጣት ያቃተኝ ክንዴ ደክሞ አይደለም፤ ራምፑ ልኩን አልጠበቀም።

እሱን አፍርሶ መሥራት በጀት ይጠይቃል። ጋሼ ልኩን አስፍረው ጥያቄውን ለአለቆቻቸው አስገቡ። በጀቱ እስኪመጣ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ፍርግርጉን ፈትተው ክፍተቶቹ መንገዱን አግድም እንዲያቋርጡ አዙረው ገጠሙት። አንዲት ሳንቲም አልወጣበትም። አሁን ጎማዬ ሳይንገጫገጭ ያልፋል። በአዳራሹ በር ላይ ያለችውን ደፍ በሲሚንቶ ቀስ ብላ እንድትወርድ አደረጓት። ለመክፈት ትግል የሚጠይቀውን ከባድ በር፣ መልሶ የሚዘጋውን ሞላ አላልተው በአንድ እጅ የሚገፋ አደረጉት። ለእኛ ተብሎ የተሠራው ሰፊ መጸዳጃ ቤት የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹ ሌላ ቦታ ስላልተሰጣቸው እንጂ በክፋት አይደለም። ጋሼ አንድ ቁም ሳጥን ፈልገው ዕቃቸውን እዚያ አስቀመጡላቸውና መጸዳጃ ቤቱ ተከፈተ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን በሊፍቱ ነው። ሊፍት መበላሸቱ አይቀርም። የሚያቃጥለው ሊፍቱ በር ላይ ከደረሱ በኋላ ማወቁ ነው። በተለይ የፈተና ቀን። ጋሼ ሊፍት ሲቆም መጀመሪያ የሚደውሉት ለድጋፍ ክፍሉ ነው። ክፍሉ ወዲያው ለእኛ መልእክት ይልካል፤ ለአስተማሪውም ይነገርና ትምህርቱ ወደ ምድር ቤት ይዛወራል። ይህ አሠራር እንዲለመድ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

ዓይነ ስውር ጓደኛዬም የራሷ ምስጋና አላት። በእግር የሚዳሰሰውን ንጣፍ ታውቁታላችሁ? ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፈው ነው። መስመር ያለው ንጣፍ "ሂድ" ይላል፤ ነጠብጣብ ያለው "ተጠንቀቅ"። የእኛ ግቢ ንጣፍ ሲለጠፍ ሁለቱ ተዘበራርቀው ነበር። ደረጃ አፋፍ ላይ መስመር ያለውን ለጥፈውበታል፤ ይህ ሰው ሊጥል የሚችል ነገር ነው። ጋሼ ንጣፉን ከማንሳታቸው በፊት ጓደኛዬን ጠርተው በነጭ በትሯ እየዳሰሰች እንድትነግራቸው አደረጉ። በሷ ቃል ነው ያስተካከሉት። ንጣፉ ላይ ሞተር ሳይክል የሚያቆም ሰው ካዩ ደግሞ አይምሩም።

ጥገናን ከዋናው ሥራ በታች አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ ኤድ ሮበርትስና ሌሎች አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የታገሉለት የድጋፍ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር፣ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ የዊልቸር ጥገና ነበር። ጎማው ካልዞረ፣ በሩ ካልተከፈተ፣ ትምህርት የለም።

በሌላ ግቢ ላላችሁ ልጆች አንድ ጥቆማ አለኝ። ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ወደ ድጋፍ ክፍላችሁ ሂዱ። ፕሮግራማችሁን ይዛችሁ "ከጥገና ክፍል አንድ ሰው መንገዱን አብሮኝ ይይልኝ" በሉ። ደብዳቤ ብቻ አትጻፉ፤ ሰውየው በእግሩ ይምጣ። የማያልፈውን ቦታ ሜትር አጠገቡ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ፤ የሕንፃውንና የበሩን ስም ጻፉበት። "አይመችም" ከሚል ቅሬታ ይልቅ ቁጥር ያለው ፎቶ ቶሎ ይሠራል። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ከደረሳችሁ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ይቀየርልን ብላችሁ ጠይቁ። ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 በትምህርት ላይ ምክንያታዊ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል።

ለግቢያችን ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል። ጋሼ ብቻቸውን ናቸው። ረዳት ስጧቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱን ራምፕ በጀትም ልቀቁላቸው። አዲስ ሕንፃ ሲነደፍ ደግሞ ሲሚንቶው ሳይፈስ ፕላኑን ለእሳቸውና ለእኛ አሳዩን።

የግቢያችን ልጆች፣ መንገዳችሁን የዘጋ ነገር ካለ ዝም አትበሉ። በድጋፍ ክፍሉ በኩል አስመዝግቡ፤ ጋሼ ይመጣሉ። ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ አይጠፉም። ጎራ ብላችሁ አመስግኑልኝ።