ዲሲ ላላችሁ እህቶቼ፣ ስለ አንዲት ካውንስለር

እናንተዬ፣ ዝም ብል ውለታ መብላት ይሆንብኛል። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ትራንስ እህቶቼ፣ እንደኔ ወንድ ተብላችሁ ያደጋችሁ ሴቶች፣ በተለይ እንግሊዝኛው ያስቸገራችሁ፣ ዊትማን ዎከር የሚባለው ክሊኒክ ሂዱ። ሂዱ ብያለሁ!

በፊት የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ሰው በሞላበት ክፍል የድሮ ስሜን ሦስት ጊዜ ጮኸው ጠሩ። አልተነሳሁም፤ ሹልክ ብዬ ወደ ቤቴ። ሌላው ጋ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሌሊት እየባነንኩ ነው ስል ሐኪሙ የሚጠይቀኝ ስለ ሰውነቴ ነው። በስልክ ያገናኙኝ ያገሬ ልጅ ደግሞ ማስተርጎሙን ትቶ «ንስሐ ግባ» ይለኝ ጀመር። እኔ የጠየቅኩት አስተርጓሚ እንጂ የንስሐ አባት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አስጠላኝ። ጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞቼ የታይራ ሀንተርን ነገር ሲነግሩኝማ ባሰብኝ። በፈረንጆቹ 1995 እዚሁ ዲሲ መኪና ተጋጭታ፣ ሊረዳት የመጣው የአምቡላንስ ሠራተኛ ትራንስ መሆኗን ሲያይ መርዳቱን ትቶ አሾፈባት። በዚያው ቀን ሞተች። በ1998 ለእናቷ ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደላቸው፤ ልጅ ግን በብር አይመለስ።

ወደ ካውንስለሯ፣ ዊትማን ዎከር ወዳገኘኋት የምክር ባለሙያ ልመለስ። እሷም ጥቁር ናት። የመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚው በስልክ «እንዴት ነህ?» አለኝ። እኔ ለምጄዋለሁ፣ ዝም። እሷ ግን ፊቴን አየችና እጇን አነሳች። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም እኮ! «ምን አለሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ሂ» አልኳት፣ እንደ ወንድ ጠራኝ ማለቴ ነው። ወዲያው ወደ ስልኩ ዞራ፣ በአማርኛ ለሴትና ለወንድ የሚባለው ይለያል ወይ ብላ ጠየቀችው። ይለያል። እንግዲያው የሴቱን ተናገር አለችው። ስልኩ ጸጥ አለ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። «እንዴት ነሽ፣ እህቴ?»

«እህቴ» በል ብሎ ያዘዘው የለም። የጠረጴዛዋን ሶፍት ጨረስኩት።

ስለ ሆርሞን ሕክምናዬ አትጠይቁኝ፣ ሌላ ዶክተር ነው የሚከታተለው። ካውንስለሯ ስለ ትራውማም፣ ያለፈው ክፉ ነገር ልብ ላይ ስለሚተወው ቁስል፣ ብዙ አስረድታኛለች፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ሌሊት መተኛቴ ነው። ክሊኒኩ ከ1973 ጀምሮ እንደኛ የተገፉትን ሲያክም የኖረ ነው። ስም ለማስቀየር የሚያግዙ ጠበቆችም አሉት። ቀጠሮ ስታስይዙ አማርኛ አስተርጓሚ በሉ፣ አትፈሩ።

እኔ ሐሙስ ሐሙስ አለሁ። ብቻሽን መግባት የፈራሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።