ከመስኮቱ ወዲህ ወይስ ከመስኮቱ ወዲያ?

የአትክልት ስፍራ ያለው ሰው ወጥቶ መሃሉ ይቀመጣል፣ አለዚያም ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት ያየዋል። የረጠበ አፈር ሽታ፣ የንቦች ድምፅና ጀርባ የሚያሞቅ ፀሐይ ያሉት ውጭ ነው፤ ይህን አልክድም። ችግሩ እኔ ከወጣሁ አርፌ አለመቀመጤ ነው። አንድ አረም ዐይኔ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ልነቅል ስጎነበስ ሌላው ይታየኛል፤ መጽሐፌ ሣሩ ላይ እንደተከፈተ ይቀራል።

ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ ሳየው ግን አረሙም ያው አረንጓዴ ነው። ወፎቹም ሰው መኖሩን ይረሳሉ። አንድ ጠዋት ካፊያው እንዳባራ አንዲት ትንሽ ወፍ ጽጌረዳው ላይ አረፈች። ቅርንጫፉ ጎንበስ ሲል የተንጠለጠሉት ጠብታዎች ተራ በተራ ረገፉ፤ እሷም ላባዋን አራግፋ፣ ከመስታወቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ምንቃሯን እንጨቱ ላይ ሞረደች። በሩን ብከፍት ኖሮ በርራ ነበር።

ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ መስኮታቸው ዛፎች የሚያሳያቸው ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ጥናቱ 46 ሰዎችን ብቻ ቢይዝም፣ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው መስኮት ምን ያህል እንደሆነ ይጠቁማል።

ሲመሽ ውጭው ይበልጣል። መብራት ሲበራ መስታወቱ የራስን ፊት እንጂ ሌላ አያሳይም። ያኔ ወንበሬን ይዤ እወጣለሁ፤ በጨለማ አረም አይታይም።