የጎግል ስኮላር ፕሮፋይል የሕፃናት በሽታ ተመራማሪን ለመመዘን ይበቃል?

የአንድን የሕፃናት ሕክምና ተመራማሪ የኅትመት ታሪክ ማየት የፈለገ ሰው ዛሬ በቅድሚያ የሚከፍተው የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው በጎግል ስኮላር ላይ ያለውን ፕሮፋይሉን ነው። አገልግሎቱ ለፍለጋ እጅግ ጥሩ ነው። ሰውን ለመመዘን ሲውል ግን ከሚገባው በላይ የታመነ ይመስለኛል።

ፕሮፋይሉ ሲከፈት በገጹ ጎን አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ትታያለች፤ ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች በድምሩ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ፣ ኤች-ኢንዴክሱንና አይ10-ኢንዴክሱን ይዛለች። የመጨረሻው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎችን ብዛት የሚያሳይ ነው። ኤች-ኢንዴክስን የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ሲሆን፣ ቁጥሩ 30 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 30 ጊዜ የተጠቀሱ 30 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ በአንድ ገጽ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ተመሳሳይ የጥቅስ መረጃ ቋቶች የሆኑት ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ሙሉ አገልግሎታቸውን የሚሰጡት በክፍያ ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ሲጠየቅ ነው። ጎግል ስኮላር በጆርናል የወጣውን ብቻ ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፍንና ገና በባለሙያ ያልተገመገመ ረቂቅንም ስለሚያካትት፣ ድምሩ ብዙ ጊዜ ከስኮፐስ ይበልጣል። ተመራማሪው የራሱን ሥራ ራሱ የጠቀሰበትንም አይለይም። ስሙ ከሌላ ሰው ጋር የተመሳሰለ ከሆነ ደግሞ የማያውቀው ጽሑፍ በዝርዝሩ ሊገባ ይችላል፤ የማጥራቱ ኃላፊነት የተጣለው በራሱ በባለቤቱ ላይ ነው፣ ባለቤቱም ሁልጊዜ አይቸኩልም።

ከዚህ የከበደው የመስኩ ጠባይ ነው። ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በኋላ በስማቸው የተጠራውን በሽታ በአንድ ልጅ ላይ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። የ50 ሕፃናትን ሕመም የገለጹበትን ጽሑፍ በጃፓንኛ ያሳተሙት በ1967 ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው የወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ በ1974 ነው። የልብን የደም ሥሮች ሊጎዳ የሚችለውን ይህን በሽታ ለዓለም ያስተዋወቀው ያ ጽሑፍ በኤች-ኢንዴክስ ስሌት ዋጋው አንድ ብቻ ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም አንድ ነው። የበሽታው ስም ራሱ የሐኪሙ ስም ከሆነ ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳይጠቅስ ስለ በሽታው የሚጽፈው ብዙ ነው።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣውና በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሊያያይዝ የሞከረው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ በ2010 በጆርናሉ ተሰርዟል፤ መጠቀሱ ግን አልቆመም። አብዛኛው የጠቀሰው ስሕተቱን ለማሳየት ቢሆንም፣ ድምሩ ወቀሳንና ምስጋናን የሚለይበት መንገድ የለውም።

በመቶ የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች በጋራ የሚፈርሙባቸው ጽሑፎችም አሉ። ሐሳቡን ያመነጨውም፣ መረጃ ብቻ ያቀበለውም በየፕሮፋይሉ እኩል ሙሉ ቁጥር ይመዘገብለታል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ስሙ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ የተቀመጠባቸውን ጽሑፎች ለይቶ ማየት ይገባል፤ በሕክምና ምርምር መጀመሪያ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በዋናነት የሠራው፣ መጨረሻ የሚጻፈው ደግሞ ምርምሩን የመራው ነው።

ብርቅ በሆነ የሕፃናት በሽታ ላይ የሚሠራ ሰው ታማሚዎቹም አንባቢዎቹም ጥቂት ናቸው፤ ስለ አዋቂዎች የልብ ሕመም ከሚጽፍ ሰው ጋር በጥሬ ቁጥር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ለዚህ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያዘጋጁት አይሳይት የተባለው ነፃ አገልግሎት ይሻላል፤ የሕክምና ጽሑፎች መረጃ ቋት በሆነው በፐብመድ የተመዘገበን እያንዳንዱን ጽሑፍ ከራሱ መስክ ጋር ያነጻጽራል።

ከጎግል ስኮላር የምወደው ግን ብዙ ሰው የማይነካውን አንድ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ትይዩ ያለው የጥቅስ ቁጥር ሲጫኑት ጽሑፉን የጠቀሱትን ይዘረዝራል። እኔ የሠንጠረዡን ድምር ትቼ ከዚያ ዝርዝር አሥሩን ከፍቼ፣ የተመራማሪው ስም በየትኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደገባ አነባለሁ።