ካሜራ ከማስረከባቸው በፊት ለሚጠይቁን ባለሙያ

በትምህርት ቤታችን የመልቲሚዲያ ክፍል የሚሠሩትን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ አልጽፈውም፤ ይህን የሚያነብ የትምህርት ቤታችን ልጅ ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል። የሥራ መደባቸው ዕቃ ማስረከብና መረከብ ነው፤ ካሜራ፣ የካሜራ ማቆሚያ፣ ማይክሮፎን፣ መብራት፣ ኮምፒውተር። እኛ ግን ሁላችንም «መምህርት» እያልን ነው የምንጠራቸው። በቡድን የሠራናቸው ቪዲዮዎችና አኒሜሽኖች መልክ የያዙት በእርሳቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ነውና ስሙ ይገባቸዋል።

ጥቆማዬን አስቀድሜ ልናገር። የቡድን ቪዲዮ እንድትሠሩ የታዘዛችሁ ተማሪዎች፣ ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ እርሳቸው ሂዱ። አብዛኛው ቡድን የሚሄደው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ፊት አይነሱም፤ ነገር ግን ሰው ከእውቀታቸው በደንብ የሚጠቀመው ገና ምንም ሳይቀረጽ ነው።

ካሜራ ልንወስድ ስንሄድ ወዲያው አያስረክቡም። ያስቀምጡንና ይጠይቁናል። ፊልሙ ስንት ደቂቃ ነው? ተመልካቹ ማን ነው? ድምፅ የሚይዘው ማን ነው? የተቀረጸው ነገር የት ይቀመጣል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የማያጣ ቡድን እንኳ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እርስ በርሱ ይተያያል። ካሜራ ለመያዝ ሁሉም ይሽቀዳደማል፤ ድምፅ ለመያዝ የሚሽቀዳደም ግን የለም። መምህርት ደግሞ ድምፅ ያዥ ላልሰየመ ቡድን ዕቃ አይሰጡም። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም ይላሉ፤ እኔም የክፍላችንን ፊልሞች አንድ በአንድ ሳይ ልክ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ። ካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን ከተናጋሪው ሦስት ሜትር ርቆ ሲቆም ከሰውየው ንግግር ይልቅ የክፍሉን ማስተጋባት ይለቅማል። ስለዚህ ሌላ ማይክሮፎን ከሌለ አንድ ስልክ ድምፅ መቅጃ ሆኖ፣ ከምስሉ ክልል ውጭ፣ ለተናጋሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። ቀረጻው ሲጀመር አንድ ሰው በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። ሁለቱ እጆች የሚገናኙበትን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች አንዱን፣ በድምፁ መስመር ላይ ከሚታየው ሹል ጫፍ ጋር ስናገጣጥም ምስልና ድምፅ አንድ ይሆናሉ። ፊልም ሠሪዎች ያን ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ የሚያጋጩትም ለዚሁ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በትምህርት ቤት ቪዲዮ ግን ሎሚው ሁሉ ተሰብስቦ ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ላይ ያርፋል። ቀረጻው በሳቅና በጨዋታ ያልቃል፣ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፣ እርሱ ብቻውን ሲያቀናብር ያድራል። በማግስቱ ቡድኑ «ይህ ለምን ተቆረጠ? እኔ የታለሁ?» ብሎ ይነሣበታል፤ ደክሞ ያደረው ልጅም ይከፋዋል። ጓደኝነት የሚሻክረው እዚህ ላይ ነው። መምህርት ይህን ከሥሩ የሚያደርቁት በአንድ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት በቁጥር ይሰፍራል፤ ከፊት ለፊቱ የሚሠራው ሰው ስም፣ ከጎኑ ደግሞ አብሮት የሚቀመጠው የሁለተኛ ሰው ስም ይጻፋል። ቅንብሩም ሁለት ስም ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰው ሶፍትዌሩን ባይችልም ምንም አይደለም፤ ሥራው ከተደጋገሙት ቀረጻዎች የትኛው እንደሚሻል እየመዘገበ አብሮ መወሰን ነው። ይህ ወረቀት ከተጀመረ ወዲህ በቡድናችን ውስጥ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚል ቃል አልሰማሁም።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው የወረቀት አኒሜሽኑ ነው። ቡድናችን የውሃን ዑደት በተቆራረጠ ወረቀት ለማሳየት ወሰነ፤ ፀሐይ፣ ባሕር፣ ደመና፣ ዝናብ፣ ወንዝ። መምህርት መጀመሪያ ሒሳቡን አሠሩን። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም ያሳያል፤ ስለዚህ አንድ ደቂቃ 1440 ምስል ይፈልጋል። እያንዳንዱን ፎቶ ለሁለት ፍሬም ካቆየነው በሴኮንድ 12 ፎቶ ይበቃል፣ ደቂቃውም በ720 ያልቃል። በእጅ የተሣሉ ብዙ አኒሜሽኖችም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ይህን ሲያዩ አምስት ደቂቃ ካልሆነ ሲሉ የነበሩት አባሎቻችን ራሳቸው ወደ አንድ ደቂቃ አወረዱት። መምህርት አሳጥሩ አላሉም፤ ቁጥሩን አስልተን እስክንጨርስ ብቻ ጠበቁ።

ካሜራ ያደረግነው ስልክ ከላይ ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ ታሰረ፣ የጠረጴዛው እግሮች የቆሙበት ቦታ በፕላስተር ምልክት ተደረገበት፣ መስኮቱ በጨርቅ ተሸፈነ። የስልኩ ካሜራ ብርሃንና ቀለም በራሱ እንዳያስተካክል ተቆለፈ፤ ካልተቆለፈ ለእያንዳንዱ ፎቶ የተለየ መጠን ይመርጥና ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ይርገበገባል። ይህን ሁሉ አድርገንም የዝናቧ ጠብታ ስትወድቅ ሕይወት አልነበራትም። በእኩል እርምጃ ስትወርድ በክር ተንጠልጥላ የምትወርድ ትመስላለች። መምህርት እርሳስ አነሡና በነጭ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከላይ በኩል ትንንሽ ጭረቶችን አጠጋግተው አደረጉ፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር በጭረቶቹ መካከል ያለውን ርቀት እያሰፉት ሄዱ። ወረቀቱን ከጠብታዋ ጎን አስቀመጡና «በእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ጭረት ብቻ አውርዷት» አሉን። ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ጠብታዋ ወደቀች። ክብደት ነበራት። የሚወድቅ አካል ፍጥነቱ እየጨመረ እንደሚሄድ በፊዚክስ ተምረን ቀመሩንም ሸምድደን ነበር፤ እዚህ ግን በጣታችን እየገፋን አየነው።

መሬት የምትነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ጠፍጠፍ ያለች ሌላ ጠብታ ቆርጠን እንድንተካ ነገሩን፤ ቁመቷ ባጠረው ልክ ወርዷ እንዲሰፋ፣ ውሃው የጨመረ ወይም የቀነሰ እንዳይመስል። በዲዝኒ ስቱዲዮ አኒሜተሮች የነበሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ካሳተሟቸው 12 የአኒሜሽን መርሆዎች የመጀመሪያው ይኸው መጨፍለቅና መለጠጥ መሆኑን የነገሩን ጠብታዋን በእጃችን ከሠራን በኋላ ነው። እኔ ይህን ቅደም ተከተል በጣም እወደዋለሁ። መርሆዎቹን አስቀድመው በሰሌዳ ላይ ቢጽፉልን ኖሮ ለፈተና እናጠናቸው ነበር እንጂ ዛሬ የምትዘል ኳስ ባየሁ ቁጥር ቅርጿን አልከታተልም ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ የቃለ መጠይቅ ቪዲዮ ላይ ድምፁ መጀመሪያ ከተናጋሪዋ ከንፈር ጋር ገጥሞ፣ ወደ መጨረሻው እየተንሸራተተ ሄደ። መጀመሪያውን ስናስተካክል መጨረሻው ይፋለሳል፣ መጨረሻውን ስናስተካክል መጀመሪያው። መምህርት የፋይሉን ዝርዝር መረጃ ከፍተን እንድናነብ አዘዙን። ብዙ ስልኮች በሴኮንድ 30 ፍሬም ይቀርጻሉ ቢባልም እንደ ብርሃኑና እንደ ስልኩ የሥራ ጫና ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ አንዳንድ የቅንብር ሶፍትዌሮች ግን የማይለዋወጥ ቁጥር ይጠብቃሉ። ቪዲዮውን ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ወደ ቋሚ የፍሬም ቁጥር ቀይረን እንደገና ስናስገባው ድምፁ እስከ መጨረሻው ቦታውን ያዘ። ይህን ችግር የማያውቅ ቡድን ተናጋሪዋን ጠርቶ እንደገና ሊቀርጽ ይችል ነበር።

ስለ ፋይል አያያዝም ብዙ ተምረናል፤ በአጭሩ ልለፈው። የቅንብር ፕሮጀክት ፋይል ቪዲዮዎቹን በውስጡ አይዝም፤ የት እንዳሉ ብቻ ይጠቁማል። እርሱን ብቻ በፍላሽ ይዞ ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሄደ ሰው ባዶ መስኮት ነው የሚያገኘው። ፋት32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «አልችልም» ሲል የሚያደናግረው ለዚህ ነው። ኤክስፋት ወደተባለው ሌላ አደረጃጀት ሲቀየር ይቀበላል፤ ሲቀየር ግን በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ መገልበጥ ያስፈልጋል። መምህርት ከመነሻው ሁሉም ነገር በአንድ ፎልደር ውስጥ እንዲሆንና የፎልደሩ ቅጂ በሁለት ሰዎች እጅ እንዲገኝ የሚያስገድዱት ለዚህ ሁሉ ነው።

በሦስት አቅጣጫ የሚታይ አኒሜሽን በብሌንደር ለመሥራት ስንነሣም ያው ሒሳብ ጠበቀን። ብሌንደር በነፃ የሚገኝ፣ ምንጭ ኮዱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ የሚያስከፍለው ጊዜን ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ፍሬም አስልቶ ለማውጣት ሁለት ደቂቃ ከፈጀበት፣ የ10 ሴኮንድ ፊልም 240 ፍሬም ስለሆነ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። በቀጥታ እንደ ቪዲዮ ከወጣ መብራት ሲጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። እርሳቸው እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ፎቶ ለብቻው እንዲቀመጥ አደረጉን፤ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ፎቶዎቹ ተሰብስበው ቪዲዮ ይሆናሉ።

ስለ እርሳቸው አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማውሱን ከእጃችን ወስደው አያውቁም። እኛ ስንፈልገው የምንቆይበትን ነገር እርሳቸው በቅጽበት እንደሚያገኙት እናውቃለን፤ ከኋላችን ቆመው «ከላይ፣ በስተቀኝ ተመልከት» ይላሉ እንጂ እጃቸውን አይዘረጉም። ችሎታ ላለው ሰው ይህ ከባድ ትዕግሥት ነው። ሁለት ጓደኞቼ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ሳይስማሙ ቀርተው ነገሩ ሲካረርም ዳኛ አልሆኑም። ሁለቱም የየራሳቸውን መጨረሻ እንዲያቀናብሩ ጊዜ ሰጧቸው፣ ቡድኑም ሁለቱን ድምፅ አጥፍቶ እንዲያይ አደረጉ። ሙዚቃው ሲወጣ የአንደኛው ትዕይንት ምንም እንደማይነግረን ሁላችንም አየን፤ ባለቤቱም ጭምር። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

በፊልሙ ማብቂያ ላይ የሚወጣውን የስም ዝርዝርም አይተውትም። «በቡድኑ አባላት የተዘጋጀ» የሚል ጥቅል ጽሑፍ አይፈቅዱም፤ እያንዳንዱ ሰው በእውነት የሠራው ሥራ ከስሙ ጋር መውጣት አለበት። በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ የቡድናችን ልጅ ስሙ «ድምፅ ቀረጻ» ከሚለው ቃል አጠገብ ለብቻው ሲወጣ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። አሁን ሌሎች ቡድኖች ድምፅ እንዲይዝላቸው ይለምኑታል።

ለተማሪዎች ያለኝ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ሥራውን ተቀብሎ የሚጨርስላችሁ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ እርሳቸው ያ ሰው አይደሉም። ማስረከቢያው ነገ ሆኖ ዛሬ ብትሄዱም ይቀበሏችኋል፤ ግን ምናልባት ግማሹን እንድትቆርጡ ይነግሯችኋል፣ ስሟቸው። በጊዜ ከሄዳችሁ ስክሪፕታችሁንና በእርሳስ የተሣለ ስቶሪቦርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሥዕሉ ባያምርም ግድ የላቸውም፣ ማን የት እንደሚቆም ከታየ ይበቃቸዋል። ቡድኑ ሙሉ ሆኖ ቢሄድ ይሻላል፤ ተወካይ የላከ ቡድን ጥያቄውን ይዞ ተመልሶ እንደገና ይሄዳል።

ለትምህርት ቤቶች ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ የዕቃ ክፍል ጠባቂ ተብሎ መታየት የለበትም። መምህራን የቡድን ቪዲዮ ሥራ ሲያዙ እርሳቸውን አስቀድመው ቢያማክሩና ተማሪዎችን የሚያማክሩበት ሰዓት በይፋ ቢመደብላቸው፣ አሁን ከዕረፍት ሰዓታቸው እየቆረሱ የሚሰጡን ጊዜ በሥራቸው ይቆጠርላቸው ነበር።

መምህርት፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። የጠረጴዛዎን ዙሪያ በወረቀት ቁርጥራጭ ሞልተን ስንሄድ እንኳ አልተቆጡንም። ስለ ጊዜዎና ስለ ትዕግሥትዎ በቡድናችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እድሜና ጤና ይስጥልን። የሚቀጥለው ፊልማችን ስክሪፕት ተጽፏል፣ ድምፅ ያዥም ሰይመናል፤ ካሜራውን ለመረከብ ሁላችንም እንመጣለን።