ሁለት ጠርሙስ ለስላሳና ውቅያኖስ፦ በደሴ ስለሚሰጥ አንድ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት

ደሴ ሆጤ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን የሳይንስ ማጠናከሪያ ትምህርት ልጄ ከጀመረች መንፈቅ ሆኗታል። ወላጅ ከኋላ ተቀምጦ እንዲከታተል ስለሚፈቀድ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ውቅያኖስ የተሰጡትን ሁለት ክፍለ ጊዜያት እኔም ታድሜያለሁ፤ የምመዝነውም እነሱን ብቻ ነው።

መምህሩ የጀመሩት በሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ነው። አንደኛው በረንዳ ላይ አድሮ በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ፣ ሁለተኛው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የቆየ ነበር። ሲከፈቱ የቀዘቀዘው ጥቂት ተነፈሰ፤ የሞቀው ግን ገንፍሎ ጠረጴዛውን አጠበው። (ደሴ ላይ ገዝቶ፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት የከፈተ ሰው ይህን በልብሱ ተምሮታል።) ውሃ ሲሞቅ ጋዝ የመያዝ አቅሙ እንደሚቀንስ፣ በ0 ዲግሪ የሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በ20 ዲግሪ ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚወርድ፣ ባሕር አይተው ለማያውቁ የወሎ ልጆች ከዚህ በተሻለ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ቅሬታዬ ምሳሌው እዚያው ላይ በመቆሙ ነው። ልጄ ስትወጣ «ታዲያ ባሕሩ ጋዙን ሁሉ ይተፋዋል ማለት ነው?» አለችኝ። ውቅያኖስ ግን ለስላሳ አይደለም። ባሕር የሚቀበለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ባይካርቦኔት ወደሚባል ጋዝ ያልሆነ ውህድ ስለሚለወጥ፣ ውሃው ውስጥ ካለው ካርቦን በጋዝነቱ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠንም ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረበት ከሚሊዮን 280 እጅ ወደ 420 እና ከዚያ በላይ ስለወጣ፣ ውቅያኖስ ዛሬም የሰው ልጅ በየዓመቱ ከሚለቀው አንድ አራተኛ ያህሉን ይውጣል። ሙቀቱ ይህን አላስቆመም፤ ሊውጥ ይችል ከነበረው ግን ይቀንስበታል። ለዚህም ጠርሙሱ የማያሳየው ሌላ ምክንያት አለ፦ የላይኛው ውሃ ሲሞቅ ስለሚቀልል ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር መቀላቀሉ ይዳከማል፤ ካርቦን የጠገበው ወደ ጥልቁ ወርዶ ላልጠገበው ቦታ አይለቅም።

ሁለተኛው ቅዳሜ የተሻለ ነበር። ባሕር የሚውጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ወደ አሲድነት እንደሚገፋው ለማስረዳት የእንቁላል ቅርፊት በሎሚ ጭማቂ ሲሟሟ ካሳዩ በኋላ፣ የባሕሩ የላይኛው ውሃ ፒኤች (ሲቀንስ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳየው መለኪያ) ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ቢወርድም ውሃው ሎሚ አለመሆኑን መምህሩ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ክፍያው አይከብድም። ቅሬታዬን ስነግራቸው፣ በሚቀጥለው ዙር ቀለም የገባበት ሙቅ ውሃ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቀስ ብለው አፍስሰው ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሲቆዩ እንደሚያሳዩ ቃል ገብተውልኛል፤ ልጄንም ለሁለተኛው መንፈቅ አስመዝግቤያታለሁ።