የእህቴን ልጅ ይዤ የሄድኩበት የሕፃናት የሐዘን ምክር አገልግሎት

እህቴ ራሷን ካጠፋች ከ4 ወር በኋላ ነው ልጇን ይዤ ወደዚህ አገልግሎት የሄድኩት። ልጅቷ 5 ዓመቷ ነው። ከእኔና ከአያቷ ጋር ትኖራለች። እስከዚያ ቀን ድረስ «እማዬ ለሥራ ሩቅ ቦታ ሄዳለች» ብለን ነበር የያዝናት። ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ለልጅ የሚሉት ጠፍቷቸው የተቀመጡ ሰዎች ምን እንደሚያገኙና ምን እንደማያገኙ ቀድመው እንዲያውቁ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየ2 ሳምንቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላው 10 ጊዜ። ልጆቹ ከሁለት አማካሪዎች ጋር አንድ ክፍል ይገባሉ፣ አሳዳጊዎች ሌላ ክፍል። የሚመድቧቸው በዕድሜና በሞቱ ዓይነት ስለሆነ የእኛ ልጅ ያለችበት ቡድን ውስጥ ያሉት 6 ልጆች በሙሉ እናት ወይም አባታቸውን ያጡት በዚሁ መንገድ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የተመሠረተው ዱጊ ሴንተር ሐዘንተኛ ልጆችን እንዲህ በቡድን በቡድን እያገናኘ ነው የሚሠራው፤ እነዚህም ከዚያ እንደተማሩ ነግረውናል።

መጀመሪያ ግን ልጅቷን ሳይሆን እኔን ለብቻዬ ነው ያነጋገሩኝ። አማካሪዋ «ምን ታውቃለች?» አለችኝ። ስለ ሩቁ ቦታ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ትንሽ ዝም አለችና «ስልክ ሲጠራ ምን ታደርጋለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይጠራል፤ ልጅቷ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። የማንም ስልክ ቢሆን፣ የጎረቤትም ቢሆን። 4 ወር ሙሉ ሳየው የኖርኩትን ነገር ያን ቀን ነው የገባኝ። እኛ ከሐዘን ያዳንናት መስሎን ስትጠብቅ ነበር። ስትሄድ የማትደውል እናት ደግሞ ለልጅ ከሞተች እናት ትብሳለች፤ ትታኛለች ማለት ነውና።

ለዚህ አገልግሎት ያለኝ ትልቁ ምስጋና ቀጥሎ ለሠራነው ሥራ ነው። አማካሪዋ ወረቀት ሰጥታ «የሚነግሯትን ይጻፉ» አለችኝ። ጻፍኩ። ከዚያ አብረን አንድ በአንድ ቃላት መሰረዝ ጀመርን። «አርፋለች» ብዬ ነበር፤ ያረፈ ሰው ይነሳል ብላ ሰረዘችው። «አጣናት» የሚለውን «ታዲያ እንፈልጋት ትልዎታለች» ብላ። «ፈጣሪ ስለወደዳት ወሰዳት» የሚለው የእናቴ ቃል ነበር፤ እሱን ብቻውን የሰማ ልጅ እኔንም ይወደኝ ይሆን ብሎ እንደሚፈራ አስረዳችኝ። እኔን ያስገረመኝ ግን «ራሷን አጠፋች» ላይ መቆሟ ነው። «ልጅቷ ጥፋት ስትሠራ ምን ይሏታል?» አለችኝ። አጥፍተሻል ነው የምንላት። ስንት ዓመት የተናገርኩበት ቃል ነው፣ አንድም ቀን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም።

በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የቀረው ይህ ነው፦ «እማዬ ሞታለች። ሞተች ማለት ሰውነቷ መሥራት አቆመ ማለት ነው፤ አትተነፍስም፣ አያማትም፣ ተመልሳም አትመጣም። አእምሮዋን በጣም ታማ ነበር። ሕመሙ በጣም ስላስጨነቃት በገዛ እጇ ሰውነቷ መሥራት እንዲያቆም አደረገች። አንቺ ያደረግሽው ወይም ያልሽው ነገር አይደለም። ሩቅ ቦታ ሄዳለች ያልንሽ እውነት አልነበረም፤ ይቅርታ። እኔና አያትሽ አለንልሽ።»

እነሱ ይነግሩልኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። አይሆንም፣ ቤት ውስጥ፣ በቀን፣ ከመኝታ ሰዓት አርቀው እርስዎ ይንገሯት አሉኝ። ያን ጊዜ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ትክክል እንደነበሩ አምናለሁ፤ ጥያቄዋን ይዛ የምትመጣው ወደ እኔ ነው። እንዴት ሞተች የሚለውን ዝርዝር ደግሞ ካልጠየቀች እንዳላነሳው፣ ከጠየቀች በአጭሩ እውነቱን እንድነግራት፣ ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቷ በፊት ግን መሠረቱን ከእኛ እንድትሰማ መከሩኝ።

ነገርኳት። ሰማችኝና «አሁን ልጫወት?» አለች። ሄደች። 10 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ተመልሳ «እግሯን አይበርዳትም?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አማካሪዋ አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ ያልገባት ወይም የምታስቸግረኝ ይመስለኝ ነበር። ማሪያ ናጊ የተባለች ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 378 የሃንጋሪ ልጆችን ስለ ሞት ጠይቃ ከ5 ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ እንደሚያዩት ማግኘቷን የነገሩን በአሳዳጊዎች ክፍል ነው። ሞት መመለሻ እንደሌለው ልጅ አንዴ ሰምቶ አይጨርሰውም። ስለዚህ በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ ደጋግሜ መለስኩላት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ከክፍላቸው ስትወጣ ኮቷን እያለበስኳት «አንድ ልጅ አለ፤ የእሱም አባት እንደ እማዬ ነው የሞተው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን እፎይታ እኔም አያቷም ልንሰጣት አንችልም ነበር።

አንድ ምክራቸውን ለብቻው ልናገር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሐሳቡ ወይም ክፉ ቃሉ ሰው የሚገድል ይመስለዋል፣ ስለዚህ ለምን የሞተች እንደሚመስላት ጠይቋት፤ ስትነግራችሁ ግን «አይደለም» ለማለት አትቸኩሉ፣ እስክትጨርስ ስሙ አሉን። አንድ ማታ ጥርሷን ስቦርሽላት ጠየቅኳት። አረፋው አፏ ላይ እንዳለ «ጫማ አላደርግም ብዬ አልቅሼ ነበር» አለች። የዚያን ቀን ጠዋት ማለቷ ነው። ያን ነገር ስንት ወር ብቻዋን እንደተሸከመችው ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይላወሳል። ሁሉንም አስጨረስኳትና «ልጆች ሁሉ አንዳንዴ ጫማ እምቢ ይላሉ። ጫማ እምቢ ማለት ሰው አይገድልም» አልኳት። አፏን ተጉመጠመጠችና «ሁለቱንም ጫማ ቢሆንስ?» አለች። ሁለቱንም ቢሆን አልኳት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ተራ እስኪደርሰን 11 ሳምንት ጠብቀናል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ገጽ ወረቀት እንኳ አልላኩልንም። የሚነገረውን ማወቅ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አንድ የ10 ደቂቃ ስልክ ቢደውሉልን ኖሮ ያን የሩቅ ቦታ ውሸት ያን ያህል አናቆየውም ነበር።

የአሳዳጊዎች ክፍል ከልጆቹ ክፍል ጋር አይወዳደርም። እናቴ ሁለተኛው ቀን ላይ ስለ ልጇ መናገር ስትጀምር አወያዩ «እዚህ የምናወራው ስለ ልጆቹ ነው» ብሎ አቋረጣት። እሷም የሞተችባት ልጇ ናት። ከዚያ ወዲህ እግሯን አላነሳችም፤ እኔም አልፈረድኩባትም።

«አንተስ ራስህን ትገድላለህ?» ለሚለው ጥያቄም አላዘጋጁኝም። መኪና ውስጥ ስትጠይቀኝ ደርቄ ቀረሁ። መልሱን የሰጡኝ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው፦ «አልገድልም። ሐሳቤ ሲታመም ለሐኪም እናገራለሁ። ብዙ ሰው ታክሞ ይድናል» በላት አሉኝ። ማንኛውም ልጅ የሚጠይቀው ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ላይ መነገር ነበረበት።

10 ጊዜ ብቻ መሆኑም አንሷል። ከወላጅ ሞት በኋላ 125 ልጆችን ለ2 ዓመት የተከታተለ የሃርቫርድ ጥናት አለ፤ አንዳንዶቹ ልጆች ላይ ችግሩ ጎልቶ የታየው በሁለተኛው ዓመት ነው። ይህን ጥናት የጠቀሱልን ራሳቸው ናቸው። ታዲያ እነሱ ጋ መሄድ በጀመርን በ5ኛው ወር ሸኝተው «በርቱ» ማለታቸው አልተዋጠልኝም።

ለድንገተኛ ሁኔታም የሚሆን ቦታ አይደለም፤ ይህን እነሱም አልደበቁም። ልጅቷ አንድ ጊዜ «እማዬ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ስትል አማካሪዋ ብዙ ጊዜ ናፍቆት እንደሆነ ነግራኝ፣ ነገር ግን በግምት እንዳልተወው፣ ምን ማለቷ እንደሆነ እንድጠይቃትና በዚያው ቀን ለሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እንዳሳያት ላከችኝ። የእናንተም ልጅ እንዲህ ካለች ተራ አትጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሂዱ እላለሁ። ለወረቀቱ ብቻ እንኳ ብትሄዱ አይቆጫችሁም።

ለሁለተኛ ዙር ተመዝግበን ተራ እየጠበቅን ነው። ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን ይዛ «እማዬ ለምን ሐኪም ጋ አልሄደችም?» አለችኝ። ሄዳ ነበር። ሁለት ጊዜ እኔ ነኝ የወሰድኳት። ሄዳ እንደነበር፣ መድኃኒትም እንደወሰደች፣ አንዳንድ ሕመም ግን ሐኪም እየሞከረም ሊበረታ እንደሚችል ነገርኳት። «አንተ ነህ የወሰድካት?» አለች። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት።